በእንግሊዝኛ የጻፋችሁትን ልብ ወለድ ለአሜሪካ ኤጀንት እንዴት ትልካላችሁ?

«ልብ ወለዴን በእንግሊዝኛ ጽፌ ጨርሻለሁ፤ አሁን ለማን ነው የምልከው?» የሚለው ጥያቄ ከሲልቨር ስፕሪንግም ከዱባይም ከአዲስ አበባም ይደርሰኛል። ለእያንዳንዱ ሰው ቁርጥራጭ መልእክት ከምልክ ሙሉውን አንድ ቦታ ላስቀምጠው።

መመሪያው በእንግሊዝኛ ለተጻፈ ረጅም ልብ ወለድና ለአሜሪካ ገበያ ነው። በአማርኛ የጻፈ ሰው ይህ ሁሉ አያስፈልገውም፤ አገር ቤት ደራሲው ራሱ ከአሳታሚ፣ ከማተሚያ ቤትና ከአከፋፋይ ጋር ይነጋገራል። አሜሪካ ግን እንደ ፔንግዊን ራንደም ሃውስ፣ ሃርፐርኮሊንስና ሳይመን ኤንድ ሹስተር ያሉት ትልልቅ አሳታሚዎች ከደራሲ እጅ በቀጥታ የመጣ ረቂቅ በአብዛኛው አይቀበሉም። መሐል ላይ ኤጀንት አለ። መጽሐፉን ለአሳታሚ የሚሸጠውም ውሉን የሚደራደረውም እሱ ነው፤ ከደራሲው ገቢ 15 በመቶ ይወስዳል፤ መጽሐፉ ወደ ሌላ ቋንቋና አገር ሲሸጥ ብዙውን ጊዜ 20 በመቶ። ካልተሸጠ ምንም አያገኝም።

አንድ ነገር ከአሁኑ ያዙልኝ። አንድ ኤጀንት አንድን ረቂቅ የሚያየው አንዴ ነው። እምቢ ካለ በኋላ «አሻሽዬዋለሁ» ብላችሁ ብትመለሱ፣ ራሱ ካልጠየቀ በስተቀር፣ በአብዛኛው አያነበውም። የደረጃዎቹ ቅደም ተከተል የመጣው ከዚህ ነው።

የሚያስፈልጓችሁ ነገሮች

- ያለቀና የታረመ ረቂቅ፣ በዎርድ ፋይል
- ኩዌሪ፣ ማለትም መጽሐፉን የሚያስተዋውቅ ደብዳቤ፣ ከ250 እስከ 350 ቃላት
- ሲኖፕሲስ፣ ማለትም ታሪኩ እስከ መጨረሻው ተጠቅልሎ የተነገረበት አንድ ገጽ
- የመጀመሪያዎቹ 5፣ 10 እና 50 ገጾች፣ ለየብቻ ተቆርጠው የተቀመጡ
- በስማችሁ የተከፈተ ኢሜይል (የሠርግ ቪዲዮ የምትቀበሉበት ቅጽል ስም ያለው አይሁን)
- ኤክሴል ወይም ጉግል ሺትስ
- ረቂቁን ሙሉውን ያነበቡ 2 ወይም 3 ሰዎች፣ ቢያንስ አንዱ ስለ ኢትዮጵያ ምንም የማያውቅ

1. መጀመሪያ ጨርሱት

ልብ ወለድ የሚሸጠው ተጽፎ ካለቀ በኋላ ነው። ኤጀንቱ ኩዌሪውን ወዶ «ሙሉውን ላክልኝ» ሲል «ሁለት ምዕራፍ ይቀረኛል» ማለት የለም። ያቺን አንድ ዕድል እዚያው አቃጠላችኋት።

የቃላቱን ብዛትም ተመልከቱ። ለአዋቂ አንባቢ የሚጻፍ የመጀመሪያ ልብ ወለድ ከ80,000 እስከ 100,000 ቃላት ቢሆን ማንም አያነሳባችሁም። ፋንታሲና ሳይንሳዊ ልብ ወለድ እስከ 120,000 ድረስ ይታገሱለታል። 200,000 ቃላት የሚል ቁጥር ያየ ኤጀንት ግን ታሪኩን ሳያነብ ሁለት ነገር ይገምታል፦ ደራሲው ማሳጠር አልቻለም፣ የኅትመት ወጪውም ከባድ ነው።

ስለ አገራችን ምንም የማያውቅ አንባቢ ያስፈልጋችኋል ያልኩት ለማብራሪያ አይደለም። እሱን የምትጠይቁት «የቱ ጋ ንባብህን አቋረጥክ?» ብላችሁ ነው። አንባቢ አንድን የአማርኛ ቃል ባያውቀውም ከአውዱ ገምቶ ያልፋል። የሚያቆመው ሰባት ዘመዶች በአንድ ገጽ ሲተዋወቁ ነው።

2. ረቂቁን በተለመደው ቅርጽ አዘጋጁ

ታይምስ ኒው ሮማን፣ መጠኑ 12፣ በመስመሮች መሐል ድርብ ክፍተት፣ በአራቱም ጎን 2.54 ሳንቲ ሜትር ኅዳግ። እያንዳንዱ ምዕራፍ በአዲስ ገጽ ይጀመር። ከገጹ አናት ስማችሁ፣ ርዕሱና የገጹ ቁጥር ይኑር። የሽፋን ሥዕል፣ ጌጠኛ ፊደል፣ ቀለም አያስፈልግም። ኤጀንቱ ብዙውን ጊዜ የሚያነበው በታብሌት ወይም በስልክ ነውና ያጌጠ ፋይል እዚያ ላይ ይበታተናል።

የእኛ ሰው የሚሳሳታቸው ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው በእንግሊዝኛው መሐል የግዕዝ ፊደል ማስገባት ነው፤ ፊደሉ በሌላቸው መሣሪያዎች ላይ ባዶ ሳጥን ሆኖ ይወጣል። ሁለተኛው ስፔሊንግ ነው። የአንድን ሰፈር ወይም ሰው ስም በምዕራፍ 2 በአንድ ዓይነት፣ በምዕራፍ 9 በሌላ ዓይነት በላቲን ፊደል ብትጽፉት አንባቢው ሌላ ሰው መጣ ብሎ ያስባል። የስሞችና የአማርኛ ቃላት ዝርዝር አውጡና አንዱን አጻጻፍ በሙሉ ረቂቁ ላይ ፈልጋችሁ አስተካክሉ።

3. ስማችሁን ወስኑ

እዚያ ሁሉም ነገር የሚደረደረው በመጨረሻው ስም ነው። የአባታችሁን ስም ትጠቀማላችሁ ወይስ የአያታችሁን? የብዕር ስም ትይዛላችሁ? አንዱን ምረጡና በኩዌሪው፣ በኢሜይሉና በረቂቁ አናት ላይ ያው ይሁን። ፓስፖርታችሁ ላይ ያለው ሕጋዊ ስም የሚያስፈልገው ውል ላይ ስትደርሱ ነው።

4. ኩዌሪውን ጻፉ

ብዙ ሰው ሁለት ዓመት የለፋበትን መጽሐፍ በአንድ ምሽት በተጻፈ ደብዳቤ ያበላሻል። ኤጀንቱ ከኢሜይል ክምር መሐል እናንተን የሚያገኘው በዚህች ገጽ ብቻ ስለሆነ ቢያንስ እንደ አንድ ምዕራፍ ደጋግማችሁ ጻፏት።

ሰላምታው በኤጀንቱ ስም ይሁን። «ለሚመለከተው ሁሉ» የምንለው ዓይነት አቀራረብ ቀበሌ ውስጥ ይሠራል፤ እዚህ ለመቶ ሰው በአንዴ መላካችሁን ያጋልጣል።

ቀጥሎ በአንድ ወይም በሁለት ዓረፍተ ነገር ርዕሱን፣ ዘውጉን፣ የቃላቱን ብዛት ግለጹ፤ ከዚያም ከእናንተ ሥራ ጋር አንድ መደርደሪያ ላይ የሚቀመጡ ሁለት መጻሕፍትን ጥቀሱ። ማነጻጸሪያዎቹ ካለፉት አምስት ዓመታት ገደማ የወጡ ይሁኑ፤ ኤጀንቱ ማወቅ የሚፈልገው ዛሬ ይህን መጽሐፍ የሚገዛው ማን እንደሆነ ነውና። ዓለም ሁሉ ያነበበውን መጽሐፍ መጥቀስ ስለ ገበያችሁ ምንም አይነግረውም። የአማርኛ ክላሲክ መጥቀስም አይጠቅምም፤ እኛን ልባችንን ይሞላዋል እንጂ ኤጀንቱ ሽያጩን የሚያይበት መንገድ የለውም።

ከዚያ ታሪኩ ይመጣል፤ ሁለት አንቀጽ ይበቃዋል። ብዙ ጊዜ የሚደርሰኝ ረቂቅ ይህን ይመስላል፦

«ልብ ወለዴ ስለ ስደት፣ ስለ ማንነትና ስለ ቤተሰብ የሚያወሳ ልብ የሚነካ ታሪክ ነው። አንባቢን ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ ይዞ ይጓዛል።»

ይህ ለማንኛውም መጽሐፍ ይሆናል። አሁን ለምሳሌ ብዬ የፈጠርኩትን እዩት፦

«ሰብለ ዋሽንግተን ዲሲ መሐል ባለ የመኪና ማቆሚያ የሌሊት ተረኛ ናት። 11 ቀን ሙሉ ባለቤቱ ያልመጣለትን መኪና ልታንቀሳቅስ ስትከፍት ከዳሽቦርዱ ሥር የታላቅ ወንድሟን ፓስፖርት ታገኛለች። ወንድሟ ከ6 ዓመት በፊት ሜዲትራኒያን ላይ ሰጠመ ተብሎ ተለቅሶለታል፤ ተዝካሩም ወጥቷል። ለፖሊስ ብትናገር ገና ያልተቋጨው የጥገኝነት ማመልከቻዋ ሊነካባት ነው። ዝም ብትል መኪናው በ3 ቀን ውስጥ ተጎትቶ ይወሰዳል።»

ሰው አለ፣ ያጋጠማት ነገር አለ፣ የምትፈልገው አለ፣ በሁለቱም በኩል የምታጣው አለ፣ ቀን ተቆርጧል። ኩዌሪ ከዚህ በላይ አይሄድም። ፓስፖርቱን ማን እዚያ እንዳስቀመጠው፣ ወንድምየው በሕይወት ይኑር አይኑር አትንገሩ። የታሪኩን ሲሶ ያህል ተርካችሁ ሰብለ ልትወስን ስትል ቁሙ።

መጨረሻው ስለ ራሳችሁ ነው። የታተመ አጭር ልብ ወለድ ወይም ሽልማት ካለ ይጠቀስ። ከሌለ በአንድ ዓረፍተ ነገር የት እንደምትኖሩና ከታሪኩ ጋር ምን እንደሚያገናኛችሁ ተናገሩ። የሰብለን ታሪክ የጻፈው ሰው ራሱ ጋራዥ ውስጥ ሌሊት ሠርቶ ከሆነ ከማንኛውም ዲግሪ በላይ ይጠቅመዋል። «ከልጅነቴ ጀምሮ መጻፍ እወዳለሁ» የሚለውን ሰርዙት። «ጓደኞቼ ሁሉ ወደውታል» የሚለውንም።

ኩዌሪውን ቻትቦት እንዲጽፍላችሁ አትፍቀዱ። በርካታ ኤጀንቶች በቅጻቸው ላይ በሰው ሠራሽ አስተውሎት ተጠቅማችሁ እንደሆነ በግልጽ ይጠይቃሉ፤ አንዳንዶቹ ጭራሽ አይቀበሉም።

5. ሲኖፕሲሱን ጻፉ

እዚህ ተቃራኒውን ነው የምታደርጉት፦ መጨረሻውን ትናገራላችሁ። ኤጀንቱ ሲኖፕሲስ የሚጠይቀው ታሪኩ ተያይዞ እስከ መጨረሻው መሄዱን ለማየት ነው፤ «መጨረሻውን ሲያነቡ ይደርሱበታል» የሚል ሲኖፕሲስ ጥቅም የለውም። በሦስተኛ መደብ፣ በአሁን ጊዜ፣ ወደ 500 ቃላት ገደማ። ከአምስት ሰው በላይ በስም አትጥሩ፤ ሌሎቹን «አለቃዋ»፣ «ጎረቤቷ» እያላችሁ እለፉ። እያንዳንዱ ክስተት ከቀደመው የመጣበት ምክንያት መታየት አለበት። «ከዚያም» እያለ ብቻ የሚቀጥል ከሆነ ችግሩ ከሲኖፕሲሱ ሳይሆን ከረቂቁ ሊሆን ስለሚችል ወደ ደረጃ 1 ተመለሱ።

6. የኤጀንቶች ዝርዝር አውጡ

ከ30 እስከ 50 ስም ያለው ዝርዝር ይበቃል። የሚገኙት እዚህ ነው፦

- ኩዌሪትራከር፦ ኤጀንቶችን በዘውግ መፈለጊያ፣ የምላሽ ጊዜያቸውንም ማያ። መሠረታዊው አገልግሎት ነጻ ነው።
- ማኑስክሪፕት ዊሽ ሊስት፦ ኤጀንቶች ምን ዓይነት ታሪክ እንደሚፈልጉ ራሳቸው የሚጽፉበት።
- ፐብሊሸርስ ማርኬትፕሌስ፦ ማን ምን ለማን እንደሸጠ የሚመዘገብበት፣ በክፍያ።
- በማነጻጸሪያነት የመረጣችኋቸው መጻሕፍት የምስጋና ገጽ፦ ደራሲዎች ኤጀንታቸውን በስም ያመሰግናሉ። እኔ ከሁሉም የምመርጠው ይህን ነው፤ ያ ሰው እንደ እናንተ ያለ መጽሐፍ መሸጥ እንደሚችል አስቀድሞ ተረጋግጧል።

ስም ባገኛችሁ ቁጥር የኤጀንሲውን የራሱን ድረ ገጽ ክፈቱ፤ አሁን እየተቀበለ መሆኑን፣ ስንት ገጽ እንደሚፈልግ፣ በኢሜይል ወይስ ኩዌሪማኔጀር በሚባለው የኢንተርኔት ቅጽ እንደሚቀበል በዚያው ቀን አረጋግጡ። ከአንድ ኤጀንሲ በአንድ ጊዜ አንድ ኤጀንት ብቻ ምረጡ። በብዙ ኤጀንሲዎች የአንዱ እምቢታ የሁሉም እምቢታ ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ ገንዘብ የሚጠይቅ ኤጀንት ኤጀንት አይደለም። የማንበቢያ፣ የመመዝገቢያ፣ የአርትዖት፣ የ«ማርኬቲንግ» ቢሉትም ያው ነው። የአሜሪካ ኤጀንቶች ማኅበር አባላቱ የማንበቢያ ክፍያ እንዳይጠይቁ ይከለክላል። በታወቀ ኤጀንት ስም የሚጽፉ አጭበርባሪዎችም አሉ። እናንተ ሳትልኩለት «መጽሐፍህን አይቼ ወደድኩት» ብሎ የጻፈላችሁን ሰው የኢሜይል አድራሻ ከኤጀንሲው ድረ ገጽ ጋር አስተያዩት። ራይተር ቢዌር የሚባለው ድረ ገጽ እንዲህ ያሉ ማጭበርበሮችን በስም እየዘረዘረ ስለሚያጋልጥ፣ ለማንም ከመላካችሁ በፊት ስሙን እዚያ ፈልጉት።

7. በትንሽ በትንሹ ላኩ

ሃምሳውንም በአንድ ሌሊት አትላኩ። መጀመሪያ ከ5 እስከ 8 ለሚሆኑት ላኩ። ለብዙ ኤጀንት በአንድ ጊዜ መላክ የተፈቀደና የተለመደ ነው፤ ነውር አይደለም። የምትከፋፍሉት ኩዌሪው ድክመት ካለበት ሁሉንም ስም ሳትጨርሱ እንድታውቁት ነው። በመጀመሪያው ዙር በጣም የምትፈልጓቸውን ሁሉ አታስገቡ፤ ጥቂቱን ለኋላ አስቀሩ።

በኢሜይል ስትልኩ፣ ኤጀንቱ ካልጠየቀ በቀር፣ ፋይል አታያይዙ። ብዙዎቹ ቫይረስ ፈርተው የተያያዘ ፋይል ያለውን ኢሜይል ሳይከፍቱ ይሰርዙታል። ኩዌሪውም የናሙና ገጾቹም ኢሜይሉ ውስጥ ይለጠፉ። ከዎርድ ቀድታችሁ ስትለጥፉ ቅርጹ ይበላሻልና አስቀድማችሁ ለራሳችሁ ልካችሁ በስልክም በኮምፒውተርም እዩት። የኤጀንቱን ስም ከላይ መቀየራችሁንም እዚያው አረጋግጡ። የሌላ ሰው ስም ይዞ የሄደ ኩዌሪ አይመለስም።

8. መዝግቡና ጠብቁ

ሠንጠረዡ ስድስት ዓምድ ይኑረው፦ ኤጀንት፣ ኤጀንሲ፣ የተላከበት ቀን፣ የተላከው ነገር፣ ድረ ገጹ ላይ የተጻፈው የመጠበቂያ ጊዜ፣ ውጤት። ቀኑን በፈረንጅ አቆጣጠር ጻፉ፣ ከእነሱ ጋር የምትጻጻፉት በእሱ ነው።

መልስ በአንድ ቀን ሊመጣ ይችላል፤ ሦስት ወርም ይፈጃል። ብዙዎቹ «ከ8 ሳምንት በኋላ ካልመለስን እምቢታ ነው» ብለው ይጽፋሉ፤ እንደዚያ ካሉ ስሙን ሰርዛችሁ ቀጥሉ። እንዲህ ያላሉት ዘንድ የተጻፈው ጊዜ ካለፈ በኋላ አንድ አጭርና ጨዋ ማስታወሻ መላክ ይቻላል። ስልክ መደወል፣ በኢንስታግራም መጻፍ፣ ቢሮ መሄድ አይቻልም። አገር ቤት ጉዳይ የሚያልቀው ደጅ በመጥናት ነው፤ እዚያ በሩን የሚያዘጋው እሱ ነው።

ውጤቱን እንዲህ አንብቡት። የመጀመሪያው ዙር በሙሉ በዝምታ ወይም ለሁሉም ሰው በሚላክ አንድ ዓይነት መልስ ካለፈ ችግሩ ከኩዌሪው ወይም ከመጀመሪያዎቹ አምስት ገጾች ነው፤ እነሱን ሳታስተካክሉ ሁለተኛ ዙር አትላኩ። ሙሉውን ጠይቀው አንብበው ከመለሱት ግን ኩዌሪው ሠርቷል፤ መታየት ያለበት ረቂቁ ነው። ሁለት ሰው አንድ ዓይነት አስተያየት ከሰጠ ተቀበሉት።

እምቢታ ሲመጣ አትመልሱ። ምክንያቱን አትጠይቁ፣ አትከራከሩም።

9. «ሙሉውን ላክልኝ» ሲሉ

በዚያው ቀን ወይም በማግስቱ ላኩ። የፋይሉ ስም «የመጨረሻ፣ እውነተኛው የመጨረሻ» ሳይሆን ርዕሱና ስማችሁ ይሁን። ኤጀንቱ ሌላ ኤጀንት ሳያየው ለብቻው እንዲያነብ ከጠየቀ ጊዜውን ገድቡለት፤ አራት ሳምንት ብትሉት ቅር አይለውም። «አስተካክለህ መልሰህ ላክልኝ» ማለት ውል አይደለም፣ ግን ቁም ነገር ነው። በአስተያየቱ ካመናችሁ ሁለት ሦስት ወር ወስዳችሁ በደንብ ሥሩት። በሳምንት የተመለሰ እርማት የእምቢታ መልስ ያመጣል።

10. ኤጀንቱ ቀጠሮ ሲይዝላችሁና ውል ሲያቀርብ

ብዙውን ጊዜ በስልክ ወይም በቪዲዮ ይሆናል። አዲስ አበባ ያላችሁ ሰዓቱን በጽሑፍ አረጋግጡ፦ በበጋቸው ኒው ዮርክ በፈረንጅ ሰዓት ከጠዋቱ 10 ሲሆን እኛ ጋ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 11 ሰዓት ነው፤ በክረምታቸው አንድ ሰዓት ይጨምራል።

እዚያው «እሺ» አትበሉ። አመስግኑና ሁለት ሳምንት ጠይቁ፤ ይህ የተለመደ ነው። ረቂቁ እጃቸው ላለ ኤጀንቶች ሁሉ በዚያው ቀን «ሌላ ኤጀንት ውል አቅርቦልኛል፣ እስከዚህ ቀን አሳውቁኝ» ብላችሁ ጻፉ። ሳያነቡ ያስቀመጡት ብዙውን ጊዜ ያን ጊዜ ነው የሚያነቡት። በስልኩ ላይ ጠይቁ፦ ምን ማስተካከል ትፈልጋለህ? ለየትኞቹ አሳታሚዎች ትልካለህ? ይህ ካልተሸጠ በሁለተኛው መጽሐፍ ትቀጥላለህ? ከምትወክላቸው ደራሲዎች ሁለቱን ላነጋግር?

ውሉ ላይ ኮሚሽኑን፣ ውሉ አንዱን መጽሐፍ ብቻ ወይስ ሁሉንም ሥራችሁን እንደሚሸፍን፣ እንዲሁም ለመለያየት የስንት ቀን ማስታወቂያ እንደሚያስፈልግ አንብቡ። ከ30 እስከ 60 ቀን የሚል የተለመደ ነው። የመውጫ አንቀጽ የሌለውን አትፈርሙ።

ከአሜሪካ ውጭ የምትኖሩና ዜጋም ነዋሪም ያልሆናችሁ፣ ደብሊው ኤይት ቤን የሚባል የግብር ቅጽ ትሞላላችሁ። ከሮያሊቲ፣ ማለትም ከመጽሐፉ ሽያጭ ለደራሲው ከሚደርሰው ድርሻ፣ በመደበኛነት 30 በመቶ ይቀነሳል፤ ኢትዮጵያ ከአሜሪካ ጋር ይህን የሚያቃልል የገቢ ግብር ስምምነት የላትም። አሳታሚው የሚሰጠውን ቅድሚያ ክፍያ ስታሰሉ ይህንንና የኤጀንቱን 15 በመቶ ቀንሳችሁ አስሉ።

ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

- «የሦስት ቅጽ ተከታታይ ነው» ብሎ መጀመር። አንዱን ሽጡ፤ ለብቻው የሚቆም፣ የመቀጠል ዕድል ያለው ብላችሁ ጻፉ።
- ኩዌሪው ውስጥ የኢትዮጵያን ታሪክ ማስተማር። ሁለት ዓረፍተ ነገር ከአድዋ፣ ሁለት ከደርግ ከተወሰደ ለሰብለ ቦታ አይተርፍም።
- ረቂቁን ለኤጀንት እየላኩ ጎን ለጎን አማዞን ላይ ራስን አሳትሞ መልቀቅ። ያንን መጽሐፍ ከዚያ በኋላ የሚይዝ ኤጀንት ማግኘት በጣም ይከብዳል።
- መጽሐፉ መቅድም እያለው እሱን ዘልሎ ምዕራፍ 1ን መላክ፣ ወይም ከመሐል የተሻለውን ምዕራፍ መርጦ መላክ። የተጠየቀው የመጀመሪያው ገጽ ከሆነ፣ መጽሐፉ የሚጀምርበት ገጽ ነው የሚሄደው። መሐሉ ከመጀመሪያው የሚሻል ከሆነ መጀመሪያውን ቁረጡት።